ከ31 ጎል አሥሩ የመንግሥቱ ወርቁ ነው

ቅዳሜ ከሰዓት ወልድያ ላይ ዲ.ኤስ.ቲቪ ያለው ቤት ሁሉ ይሞላል። መርሳም ያው ነው። ከሀብሩ ቀበሌዎች ለጉዳይ ከተማ ብቅ ያለ ወጣት ሳይቀር ጨዋታ ሳያይ ወደ ቤቱ መመለስ አይሆንለትም። አርሴናል ነው፣ ማንቼ ነው፣ ቼልሲ ነው፣ ሁሉም በየፊናው ይከራከራል። ድሮግባ በአፍሪካ ዋንጫ ስንት ጎል እንዳገባ ብትጠይቁ ከመሀል አንዱ ብድግ ብሎ “11!” ይላችኋል። ልክ ነው። ሳሙኤል ኤቶ? 18። ይህንንም የሚያውቅ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ጥያቄውን ትንሽ ገልበጥ አድርጉት። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያገባው፣ ማለትም ከድሮግባ በአንዲት ጎል ብቻ ያነሰው ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ቤቱ ጭጭ ይላል። ዛምቢያዊው ካሉሻ ቡዋልያና ጋናዊው አንድሬ አየው 10 ጎል ላይ የደረሱት እሱ ካገባ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ይህ ሰው መንግሥቱ ወርቁ ይባላል። የጎንደር ልጅ ነው። ጎንደር ደግሞ ከወልድያ የጋሸናን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ ለሄደ ሰው ሩቅ አገር አይደለም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

የቁጥር ሰው ለሆነ የኳስ አፍቃሪ የመንግሥቱን ትልቅነት ለማስረዳት ብዙ ቅኔ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫ ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 2022 ድረስ በ11 ውድድሮች ተካፍላለች። በእነዚህ ውድድሮች 30 ጨዋታ አድርጋ 31 ጎል አስቆጥራለች። ከ31ዱ ጎል አሥሩ የአንድ ሰው ነው። ሲሦው ማለት ነው። የቀረውን 21 ጎል በሙሉ የተካፈሉት በስድሳ አምስት ዓመት ውስጥ ማልያውን የለበሱ ሌሎች ተጫዋቾች ናቸው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ያኔ የአፍሪካ ዋንጫ እንዳሁኑ 24 ቡድን የሚሳተፍበት፣ ለፍጻሜ የደረሰ ሰባት ጨዋታ የሚጫወትበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 አራት አገሮች ነበሩ፤ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስድ ነበር። በ1963 እና በ1965 ስድስት፣ በ1968 ደግሞ ስምንት ቡድኖች ተሳትፈዋል። ኢትዮጵያ ከ1962 እስከ 1970 በአምስት ውድድሮች ያደረገችው ጨዋታ ተደምሮ 15 ብቻ ነው። መንግሥቱ አሥሩን ጎል ያገባው በዚህች ጠባብ በር ገብቶ ነው። አንድ አጥቂ ዛሬ በሁለት ውድድር ብቻ ለዚያ የተጠጋ ጨዋታ ሊያገኝ ይችላል።

ከጎንደር ወደ ፈረሰኞቹ

መንግሥቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በኳስ ስሙ የታወቀው ግን አዲስ አበባ ላይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ነው። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የአገሪቱ የኳስ ታሪክ አብሮት ያደገ ክለብ ነው። ከመንግሥቱ በፊት የክለቡ ትልቅ ስም ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተው፣ ኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ናቸው። መንግሥቱም ወደ ብሔራዊ ቡድን ሲገባ ያገኘው እሳቸውን ነው። ጎል አዳኙን ልጅ ጎል አዳኝ የነበሩ ሰው ተቀበሉት ማለት ይቻላል።

በክለብ ደረጃም ቢሆን ዘመኑ ለጊዮርጊስ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ዋንጫ አስመራና ድሬዳዋ ይፈራረቁበት ነበር። ሐማሴን፣ አካለ ጉዛይ፣ የድሬዳዋዎቹ ኮተንና ሲሚንቶ ጠንካሮች ነበሩ። ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ነው ሚዛኑ ወደ አዲስ አበባ ያጋደለው። ያ ዘመን የመንግሥቱ ዘመን ነበር።

ጎል የማታውቀው ኢትዮጵያ

የ1962ቱን ድል በትክክል ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት። ሌሎቹ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ስትታገድ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ላይ ግን ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣቻት። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው።

በ1959 ካይሮ ላይ ደግሞ በግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፈች። በግብፁ ጨዋታ ሦስቱን ያስቆጠረው ማሕሙድ አል ጎሃሪ ነበር፤ በ1998 ግብፅን በአሠልጣኝነት ለዋንጫ ያበቃው ያው ጎሃሪ።

እንግዲህ ደምሩት። ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገባባት፣ ያገባችው ዜሮ። በሁለት አፍሪካ ዋንጫ አንድም ጊዜ መረብ ያልነካ ቡድን ነው ሦስተኛውን ውድድር አዲስ አበባ ላይ ለማስተናገድ የተዘጋጀው።

የጥር 1954ቱ ሰባት ቀን

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዝያን ገጠመች። ጨዋታው ሲጀመር ነገሩ የተለመደው መሰለ፤ ቱኒዝያዎች ቀድመው ሁለት አገቡ። ያኔ በሜዳው የነበረው ተመልካች “ዘንድሮም ያው ነን” ቢል አይፈረድበትም ነበር። ግን ቡድኑ ተነሳ። 2 ለ 0 ተመርቶ 4 ለ 2 አሸንፎ ወጣ። ከአራቱ ጎል ሁለቱ የመንግሥቱ ነበሩ።

ፍጻሜው የጥምቀት ማግስት አልፎ በሚቀጥለው እሑድ፣ ጥር 13 ቀን ነበር። ተጋጣሚዋ ያው ግብፅ ናት። በዚያን ጊዜ የምትጠራው የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ ነው። ሁለቱንም የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰደች፣ ኢትዮጵያን ሁለቴ በአራት የሸኘች አገር።

ባዳዊ አብደል ፈታሕ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። ግብፅ 1 ለ 0። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ምንም የለም። ከዚያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ሳያልቅ፣ ገና በሚቀጥለው ደቂቃ ባዳዊ ደገመ። 2 ለ 1። ኳስ የሚያይ ሰው ያውቀዋል፣ እንዲህ ያለ ጎል ወገብ ይሰብራል። ይሁን እንጂ 84ኛው ደቂቃ ላይ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረጋት። ጭማሪ ሰዓት ተገባ።

በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መራች። አሥራ ስድስት ደቂቃ ተጨነቀች። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ከመረብ አሳረፈ። አለቀ። ለግብፅ መመለሻ የሚሆን ጊዜም አልቀረም።

ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ አስረከቡ። መንግሥቱ በሁለት ጨዋታ ሦስት ጎል አስቆጥሮ ከግብፁ ባዳዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያላት ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይሄ ነው።

የማን ልጆች ነበሩ?

የዚያን ቀን ጎል ያገቡትን አንድ በአንድ ብናይ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ሉቺያኖና ኢታሎ የአስመራ ልጆች ናቸው። እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣልያናዊ። በክለብ ደረጃ ለድሬዳዋው ኮተን ተጫውተዋል። መንግሥቱ የጎንደር ልጅ፣ የአዲስ አበባው ጊዮርጊስ አጥቂ ነው። በሻምፒዮናው ጊዜ አስመራ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ በየሜዳው ይበላሉ፤ ፉክክሩ ቀልድ አልነበረም። ማልያው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሲሆን ግን አንዱ ለአንዱ ኳስ ያቀብላል። የጎንደሩ አራተኛዋን ያገባው የአስመራዎቹ ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ስላገቡ ነው።

ይህን ማንሳት የሚያስፈልገው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ወልድያ ትልቅ ስታዲየም ያላት ከተማ ናት። በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ይህ ስታዲየም የተመረቀው በጥር 2009 ዓ.ም. ነው። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። በዚያው ዓመትና በተከታዩ የከተማዋ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። ሜዳው ካማረ፣ ክለቡ ሊግ ከገባ ምን ጎደለ? የጎደለውን ኅዳር 2010 ዓ.ም. አሳየ። ወልድያ ከመቀሌ ጋር ሊጫወት በነበረበት ቀን ከተማዋ ውስጥ ግጭት ተነሳ፤ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። በዚያ ዘመን ግጭቱ ወልድያ ላይ ብቻ አልነበረም። በብዙ ሜዳዎች ክለብ ከክለብ መሆኑ ቀርቶ ሰፈርና ብሔር ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ አካባቢው በጦርነትም አልፏል።

የ1954ቱ ቡድን በዚህ ዓይን ሲታይ ዋንጫው ራሱ ትንሽ ይሆናል። አንድ ሜዳ ላይ አብሮ መቆም ምን እንደሚያስገኝ የተመዘገበ ማስረጃ ያለው በዚያ ቡድን ነው። ውጤቱም 4 ለ 2 ነው።

ከዋንጫው በኋላ

ብዙ ሰው የመንግሥቱን ታሪክ በ117ኛው ደቂቃ ይዘጋዋል። አሥር ጎል ግን በሁለት ጨዋታ አይመጣም። እሱ እስከ 1970 ድረስ የብሔራዊ ቡድን ሰው ነበር።

በ1963 ጋና ላይ ኢትዮጵያ ቱኒዝያን እንደገና 4 ለ 2 ረታች። በጋና 2 ለ 0፣ በደረጃ ጨዋታ በግብፅ 3 ለ 0 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች። በ1965 ቱኒዝያ ላይ ከባድ ጊዜ ነበር፤ በባለሜዳዋ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1።

በ1968 ውድድሩ ተመልሶ አገር ቤት መጣ፤ አዲስ አበባና አስመራ አስተናገዱት። ኢትዮጵያ ዩጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ምድቧን በሙሉ ነጥብ ጨረሰች። በግማሽ ፍጻሜው ግን ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አስለቀሰቻት። ኮንጎ ኋላ ዋንጫውን በላች። ኢትዮጵያ በደረጃው ጨዋታ በአይቮሪኮስት 1 ለ 0 ተረትታ አራተኛ ሆነች። ሁለተኛውን ዋንጫ ለማንሳት ከዚያ በኋላ ያን ያህል ቀርባ አታውቅም።

1970 ሱዳን ላይ የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። ሎራን ፖኩ የተባለ የአይቮሪኮስት አጥቂ በአንድ ጨዋታ ኢትዮጵያ ላይ አምስት አገባ፤ ውጤቱ 6 ለ 1። ፖኩ በሁለት ውድድር 14 ጎል አግብቶ ኤቶ እስኪመጣ ድረስ ሪከርዱን ይዞት ኖረ። አንዱ ንጉሥ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ እንዲህ ነው።

ኳስ ያላከበረችው ኑሮ

የዛሬው ወጣት “ታዲያ ስንት ተሸጠ?” ሊል ይችላል። አልተሸጠም። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ፕሮፌሽናል የሚባል ነገር አልነበረም። ከፕሮፌሽናል የሚቀራረበው የድርጅት ቡድን ነበር። የድሬዳዋው ኮተን የጥጥ ፋብሪካው፣ ሲሚንቶም የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ነው። ቴሌም ቡድን ነበረው። የፊርማ ገንዘብ፣ ኤጀንት፣ የዝውውር መስኮት የሚባል ነገር በተጫዋቹ ጆሮ አልገባም። ከሜዳ የሚገኘው ጭብጨባ ነው።

የሁለቱ የ1954 ጀግኖች መጨረሻ ይህን ያሳያል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነትም አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን ከአገር ወጥቶ ጣልያን ተሰደደ። የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥት እጅ የተቀበለ ሰው ሮም አጠገብ ኦስትያ በምትባል ከተማ መኪና እየጠገነ ኖረ። መስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እዚያው አረፈ።

መንግሥቱ አገሩ ቀረ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ከሜዳ አልራቀም፤ አሠልጣኝ ሆነ፣ ብሔራዊ ቡድኑንም መራ። ስሙ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳው ሒሳብ 98 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፎ 61 ጎል አስቆጠረ የሚለው ነው። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ሞተ።

ሳያያት የቀረው

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ሆድ የሚያባባው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ ከተጫወተች በኋላ የአፍሪካ ዋንጫን በር ለ31 ዓመት አላየችም። መንግሥቱ የሞተው በዚህ ጨለማ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፉትን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 ቀልብሰው ሱዳንን ጣሉ። አገር በሙሉ መንገድ ላይ ወጣ። ያን ቀን ስታዲየም ውስጥ መቀመጫ የሚገባው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

ከዚያም ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ የወቅቱ ሻምፒዮን። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ዛምቢያ መራች። በዐሥር ሰው እየተጫወቱ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ቀኑን ታውቁታላችሁ? ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። መንግሥቱ አራተኛዋን ጎል ግብፅ ላይ ካገባ ልክ በ51ኛ ዓመቱ።

የአዳነ ጎል በዚያ ውድድር የኢትዮጵያ ብቸኛ ጎል ሆነ። በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ደግሞ ዳዋ ሆቴሳ በባለሜዳዋ ላይ ገና በማለዳው አገባ፤ ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። ጌታነህ ከበደ ቡርኪናፋሶ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት አገባ። በኬፕቨርዴ 1 ለ 0 መሸነፉ ሲጨመርበት ጉዞው በምድቡ አበቃ። በሊቢያው ውድድር ደግሞ አንድም ጎል አልነበረም።

ስለዚህ ባለፉት ሦስት ተሳትፎዎች ኢትዮጵያ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውታ ያገባችው ሦስት ጎል ነው። መንግሥቱ ወርቁ ብቻውን በሰባት ቀን ውስጥ ያገባው ያህል።

አጥቂ ከየት ይመጣል?

ይህን ሒሳብ ይዞ የዛሬዎቹን ተጫዋቾች መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። የአፍሪካ ኳስ ተለውጧል። ያኔ ከአህጉሩ አብዛኛው ገና ነፃነቱን እየተቀበለ ነበር። ዛሬ ተጋጣሚው በአውሮፓ ሊጎች የሚጫወት ነው። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የጎንደር ልጅ ያለ አካዳሚ፣ ያለ ኤጀንት፣ ያለ ቪዲዮ 10 ጎል ላይ ከደረሰ፣ ዛሬ መርሳና ሀብሩ አቧራ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጠው ልጅ ምን ያንሰዋል?

የሚያንሰው አንዱ ነገር ምሳሌ ነው። ልጁ ድሮግባን ያውቃል፣ ኤቶን ያውቃል። ሁለቱም ግን ሌላ አገር ናቸው፤ “እኔም እሆናለሁ” ለማለት ሩቅ ናቸው። በጋሸና መንገድ ጫፍ ላይ ካለች ከተማ የተነሳ፣ እንደሱ አማርኛ እያወራ ያደገ አጥቂ ከድሮግባ በአንድ ጎል ብቻ እንደሚያንስ ሲሰማ ግን ነገሩ ይለያል።

ወልድያ ስታዲየም አላት። ለታዳጊዎች በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ከጥምቀት ማግስት፣ በመንግሥቱ ወርቁ ስም አንድ ዋንጫ ቢዘጋጅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መርሳ ትምጣ፣ ወርጌሳ ትምጣ፣ ቆቦ ትምጣ፣ ጎንደርም ትምጣ። ከፍተኛ ጎል አግቢው ሲሸለም ማን እንደነበረ ይነገረው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ውስጥ “አሥር ጎል ያገባው ማን ነው?” ሲባል ቢያንስ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ ይመልሳል።